የተለገሱ ላፕቶፖች ካርቶን ውስጥ እንዳይቀሩ፦ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ላፕቶፕ ተለግሶለት፣ ርክክቡ ፎቶ ተነሥቶበት፣ ከዓመት በኋላ ክፍሉ ተቆልፎ የሚገኝ ትምህርት ቤት ማየት ያሳዝናል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ አይደለም። የመብራት መስመሩ ጭነቱን አልቻለም፤ ወይም ንብረት ክፍሉ «አንዱ ቢጠፋ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው» ብሎ ቆልፎበታል፤ ወይም የተጫነው ትምህርት ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም፤ ወይም ነገሩን የሚያውቀው አንድ መምህር ተዛውሯል። አራቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

ይህ መመሪያ ከ20 እስከ 40 ላፕቶፕ ላገኙ ወይም ሊያገኙ ላሰቡ፣ ኢንተርኔታቸው ደካማ ለሆነ ወይም ጭራሹን ለሌላቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ነው። ርእሰ መምህሩ፣ የአይሲቲ መምህሩና ዕቃውን የሚለግሱት የቀድሞ ተማሪዎች አብረው ቢያነቡት ይሻላል። ነገሩ አጣዳፊ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያ ልምምዱን ፈተና አዳራሽ ውስጥ እንዲያደርግ መተው ግፍ ነው።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 1ን።

ደረጃ 1፦ ክፍሉና መብራቱ

ይህ ደረጃ ሳያልቅ ዕቃው ሊመጣ ከሆነ ለጋሹን «ትንሽ ቆዩን» በሉት። ማፈሪያ አይደለም።

ክፍሉን መምረጥ

1. ዝናብ ሲዘንብ ገብታችሁ ጣሪያውን እዩ። ቆርቆሮው ላይ ያለች የምስማር ቀዳዳ በበጋ ማንም ልብ አይላትም፤ በሐምሌ ግን ጠረጴዛ ሙሉ ዕቃ ታበላሻለች።
2. መስኮቱ የብረት ፍርግርግ፣ በሩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው።
3. ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን። ክፍሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወላል። አቧራ የላፕቶፑን ማራገቢያ ይደፍናል፤ የተደፈነ ማራገቢያ ደግሞ ማሽኑን በሙቀት ያጠፋዋል።
4. የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል ጋር አታዳብሉት። የአሲድ ትነት ብረት ይበላል።

ጭነቱን ማስላት

ቻርጀሩን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። የሚያወጣው 19.5 ቮልትና 3.34 አምፒር ነው የሚል ካገኛችሁ ሁለቱን አባዙ፤ 65 ዋት ገደማ ይመጣል። 20 ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ሲሞላ 1,300 ዋት መሆኑ ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 6 አምፒር ገደማ። 40 ከሆነ 2,600 ዋት፣ 12 አምፒር ገደማ። ቁጥሩ ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ይህ ሁሉ ጭነት ድሮ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦና በአንዲት ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ሲወድቅ ነው።

ኤሌክትሪሻኑን የምታዝዙት እንዲህ ነው፦

1. ከዋናው ሳጥን ለዚህ ክፍል ብቻ የሚሆን መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይዘርጋ።
2. ለ20 ላፕቶፕ አንድ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ያስገባ። 40 ከሆነ መስመሩም ብሬከሩም ሁለት ይሁን።
3. ግራውንድ ይሥራ። ሶኬቱ የግራውንድ ብረት ስላለው ብቻ አትመኑ፤ ሽቦው መሬት የገባበትን ቦታ ያሳያችሁ። ግራውንድ የሌለው መስመር ላይ የተሰካ ባለ ብረት ላፕቶፕ እጅ ይነዝራል፤ አንድ ልጅ ከተነዘረ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ማሽኑን ይፈራል።
4. ሶኬቶቹ ግድግዳ ላይ ከወለሉ ከፍ ብለው በየጠረጴዛው ትይዩ ይሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ አትሰኩ። ሥራው በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ በእጃችሁ ዳብሱ። የሞቀ ካለ ብሬከሩን አውርዱና ንቀሉት፤ የላላ ሶኬት ነው ወይም ጭነት በዝቶበታል። የላስቲክ ሽታ ከመጣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ልጆቹን አስወጡ፤ ምክንያቱን መፈለግ ከዚያ በኋላ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መብራት ሲደክም እምብዛም አይጎዳም። የሚገድለው ጠፍቶ ሲመለስ አብሮት የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ መብራት ሲጠፋ ብሬከሩን አውርዱ፤ ከተመለሰ በኋላ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ትምህርቱ በባትሪ ይቀጥላል። ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነ መብራት ሲመለስ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚለቀውን ምረጡ።

ደረጃ 2፦ ከለጋሹ ጋር የሚደረግ ንግግር

ስጦታ ሲመጣ «የመጣው ይምጣ» ማለት የኛ ባህል ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። ለጋሾቹ የቀድሞ ተማሪዎች ሆኑ ወይም ዋሽንግተንና ስቶክሆልም የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ የሚከተለውን በጽሑፍ ላኩላቸው።

1. አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁን። የተቀላቀለ 40 ከሚመጣ አንድ ዓይነት 20 ይሻላል። ቻርጀሩ ይወራረሳል፣ የተበላሸው ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል፣ ሶፍትዌሩም ከአንዱ ወደ ሁሉም ይገለበጣል።
2. ራም ቢያንስ 4 ጊጋባይት፣ ቢቻል 8፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት። አሮጌ ዲስክ ያለው ከሆነ በ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይቀየር። ለቀርፋፋ ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም።
3. ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱ ቻርጀር፣ ከዚያም በላይ ጥቂት ትርፍ ቻርጀር ይኑር። ቀድሞ የሚሞተው ቻርጀሩ ነው።
4. የይለፍ ቃልና የድርጅት ቁልፍ ሁሉ ከመላኩ በፊት ይነሣ። አሜሪካ ውስጥ ከትምህርት ቤቶች የሚወጡ ክሮምቡኮች ብዙ ጊዜ በቀድሞው ባለቤት ስም እንደተመዘገቡ ይመጣሉ፤ ፎርማት ቢደረጉም ተመልሰው ያንኑ ድርጅት ይጠይቃሉ። ሊፈታው የሚችለው የድርጅቱ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። ማክቡክም የባለቤቱ አካውንት ካልተነሣለት ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።
5. ከላፕቶፕ ውጭ የሚላክ ነገር ሁሉ፣ ፕሪንተርም ፕሮጀክተርም፣ የቮልቴጅ ጽሑፉ ይነበብ። በ110 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሶኬታችን ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የአንዳንድ ዴስክቶፖች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የምትል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ ሳትሰኩ ወደ 230 አዙሯት።
6. ገንዘቡ በሙሉ ለማሽን አይዋል። ሲሶውን ለመስመር ዝርጋታ፣ ለጠረጴዛ፣ ለቁም ሣጥንና ለጥገና እንዲያስቀሩ ጠይቁ። «ፎቶ ላይ አይታይም» የሚል ለጋሽ ካለ፣ ማሽኖቹ ከዓመት በኋላም እንዲሠሩ የሚያደርገው ይህ ገንዘብ መሆኑን በትሕትና አስረዱት።

ከውጭ ለምትልኩ፦ ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ ማፈላለግ ለወራት መጋዘን ውስጥ ያስቀራል። ትምህርት ቤቱ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የክልሉ ትምህርት ቢሮ የሚጽፉትን ድጋፍ ቀድማችሁ ያዙ፤ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት የሚያስፈልገውንም ከመላካችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። በሻንጣ የምታመጡ ከሆነ ለብቻው የተያዘ ትርፍ ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይፈቀድም።

ደረጃ 3፦ ርክክብ፣ ሞዴል 19 እና ቃለ ጉባኤ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ላፕቶፕ ታስሮ የሚቀረው።

1. ዕቃው በገባበት ቀን በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ማድረጊያ ቅጽ) ገቢ አድርጉት። እያንዳንዱ ላፕቶፕ በሲሪያል ቁጥሩ ይመዝገብ፤ «20 ላፕቶፕ» ተብሎ በጅምላ አይጻፍ።
2. ክዳኑ ላይ የትምህርት ቤቱን ስምና ተራ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጻፉ።
3. የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ባለበት ስብሰባ ተቀምጣችሁ በቃለ ጉባኤ ወስኑ፦ በመደበኛ ትምህርት ላይ ለሚደርስ ብልሽት ማንም በግል አይጠየቅም፤ ለመጥፋት የሚጠየቀው በዚያ ክፍለ ጊዜ ፈርሞ የተረከበው ነው። ቃለ ጉባኤው ከንብረት ደንቡ ጋር እንዳይጋጭ ለወረዳው ፋይናንስ አሳዩት።
4. ከዚያ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ ሆኖ ለአይሲቲ መምህሩ ይሰጥ።

ንብረት ክፍሉን አትውቀሱት። ቆልፎ የሚይዘው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ኃላፊነቱ በሙሉ እሱ ትከሻ ላይ ስለሆነ ነው። ሸክሙን በወረቀት ስታካፍሉት ቁልፉን ራሱ ያመጣዋል።

ደረጃ 4፦ አንድ በአንድ መፈተሽ

ማሽኖቹን ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት ያዙና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ሳትሰኩ በፊት እዩት። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ፣ የጣት መዳፊያው ወደ ላይ የተገፋ፣ ክዳኑ ገጥሞ የማይዘጋ ከሆነ ባትሪው አብጧል። አትሰኩት፣ አትጫኑት፣ ልጅ አይንካው። የሚያውቅ ሰው ባትሪውን ያውጣው፤ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ።
2. አብሩት። ገና ሲነሣ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው የውስጥ ፕሮግራም) ተቆልፏል ማለት ነው። ሲሪያል ቁጥሩን ጻፉና ለጋሹን ጠይቁ።
3. የጽሑፍ ገጽ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ ንኩ። የሞቱትን ጻፉ።
4. ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ስክሪን፣ የፍላሽ ቀዳዳዎች።
5. ቻርጀሩን ንቀሉና ሰዓት ያዙ። አንድ ክፍለ ጊዜ የማይቆይ ባትሪ ያለው ማሽን ግድግዳው ዳር፣ ሶኬቱ አጠገብ ይቀመጣል።

ውጤቱን በሦስት ክፈሉ፦ ሙሉ ጤነኛ፣ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን። ሦስተኛውን ክፍል አትጣሉት፤ ስክሪኑ፣ ራሙና የፊደል ገበታው ነገ ሌላውን ያድናሉ።

ሲበሩ ቀኑን የሚያሳስቱ ማሽኖች ታገኛላችሁ። ውስጥ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ሞታ ነው፤ የሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ትገኛለች። ቀኑ ካልተስተካከለ ኢንተርኔት ላይ ገጾች «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ አይከፈቱም።

ደረጃ 5፦ ሶፍትዌሩን መጫን

ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ የሌላቸውን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ 11ን የሚችሉት በእሱ ይሥሩ፤ ለቀሩት በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሥርዓት፣ ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ዓይነት ጫኑ። ነፃ ነው፤ 22ኛው እትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፦ በፍላሽ እየተላለፈ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አይሠራም።

1. አንድ ላፕቶፕ ምረጡና በፍላሽ አስነሡት። ማስነሻ ቁልፉ በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው።
2. ሳትጭኑ በፊት ከፍላሹ በተነሣው ሚንት ላይ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን አረጋግጡ። ከሠራ ጫኑት።
3. ሁለት መለያ ክፈቱ፦ አንድ የአስተዳዳሪ፣ አንድ የተማሪ። በተማሪው መለያ ፕሮግራም መጫንም ማጥፋትም አይቻልም። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንድ ቅጂ በታሸገ ፖስታ ርእሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። መምህር ሲዛወር የይለፍ ቃሉም አብሮ እንዳይሄድ ነው።
4. የአማርኛ ፊደልና የመጻፊያ ዘዴ አስገቡ። ጽሑፉ ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ የኢትዮጵያ ፎንት የለም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ። ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጨምራችሁ አማርኛን ምረጡ። «ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈትኑ። የአፋን ኦሮሞ ትምህርት ቤት ከሆነ መደበኛው የላቲን ገበታ ይበቃል።
5. ሊብሬኦፊስ (የጽሑፍና የሠንጠረዥ መሥሪያ)፣ ጂኦጀብራ (የሒሳብ ፕሮግራም) እና አንድ የታይፒንግ መለማመጃ ጫኑ። ሊብሬኦፊስ ፋይሎቹን በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ አስተካክሉ፤ ያለዚያ ልጁ የሠራው የቤት ሥራ የመምህሩ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይበታተናል።
6. ያ ማሽን እንከን የለሽ ሲሆን ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ቅጂውን አንሡና ወደ ሌሎቹ ገልብጡ። ከተገለበጠ በኋላ የእያንዳንዱን ስም ክዳኑ ላይ ባለው ቁጥር ቀይሩ።

ክሎንዚላ ቢያቋርጥ፦ የተቀባዩ ዲስክ ከቅጂው ካነሰ አይቀበልም። ስለዚህ ናሙናውን ማሽን ዲስኩ ትንሹ ከሆነው ውስጥ ምረጡ።

ደረጃ 6፦ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሰርቨር

አሠራሩ ይህ ነው፦ አንድ ማሽን ትምህርቱን በሙሉ ይይዛል፤ ራውተር ዋይፋይ ይረጫል፤ ተማሪዎቹ ብሮውዘር ከፍተው ያነባሉ፣ ያያሉ፣ ጥያቄ ይሠራሉ። ሲም ካርድም ፓኬጅም አያስፈልገውም።

ለሰርቨር አዲስ ዕቃ አትግዙ። ከላፕቶፖቹ ባትሪው በጣም ጥሩ የሆነውን መድቡለት። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ስለሚቀጥል ዩፒኤስ ቀረላችሁ ማለት ነው። ዲስኩን 500 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት አድርጉ። ለራውተሩ ግን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ እሱ ከጠፋ ሁሉም ይቆማል።

ይዘቱን መሰብሰብ

1. ጥሩ ኢንተርኔት ወዳለበት፣ ለምሳሌ ወደ አቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ፣ ሰርቨሩን ይዛችሁ ሂዱ። ኮሊብሪ የሚባለውን የትምህርት ፕሮግራም ጫኑ። ነፃ ነው፤ የተሠራውም ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ነው።
2. ከኮሊብሪ ቻናሎች የሚያስፈልጋችሁን ብቻ አውርዱ፦ የካን አካዳሚ ሒሳብና ሳይንስ፣ የፌት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ምስለ ሙከራዎች። ሁሉን ልጫን ካላችሁ ዲስኩም ጊዜውም አይበቃም።
3. ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አስቀምጡ። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚወስድ ቦታ ካነሰ ሥዕል የሌለውን ምረጡ። አማርኛው መጠኑ ትንሽ ነው፤ እሱም አይቅርባችሁ።
4. የትምህርት ሚኒስቴርን የተማሪና የመምህር መጻሕፍት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በፒዲኤፍ አስገቡ። መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት በሚካፈልበት ትምህርት ቤት ከሁሉም በላይ የሚከፈተው ይህ ነው። ፋይሎቹን በክፍልና በትምህርት ዓይነት ሰይማችሁ ደርድሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትልቅ ፋይል ወደ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ «ቦታ አለ፤ ግን አልቀበልም» ካለ፣ ዕቃው ፋት32 ተደርጎ ፎርማት ስለሆነ ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይችልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ ኤክስፋት አድርጉት።

ማገናኘት

1. ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አያይዙ።
2. ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ የማይለወጥ አድራሻ ስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.0.100።
3. ሰርቨሩ ክዳኑ ሲዘጋም፣ ለብዙ ሰዓት ሳይነካም እንዳይተኛ አስተካክሉ።
4. ከአንድ ላፕቶፕ 192.168.0.100:8080 ብላችሁ ክፈቱ። ኮሊብሪ ይመጣል። አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በየብሮውዘሩም መነሻ ገጽ አድርጉት።
5. በአምስት ማሽን አንድ ቪዲዮ ክፈቱ፣ ቀጥሎ በ20፣ ቀጥሎ በሁሉም። የቤት ራውተር 20 እና 30 ማሽን ቪዲዮ ሲያይበት ይጨናነቃል። ሁለተኛ ዋይፋይ መርጫ ጨምሩና አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን ቻናል 6 ላይ አድርጉ።

ገጹ አልከፈት ሲል በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ መጀመሪያ ላፕቶፑ የተያያዘው በትክክለኛው ዋይፋይ መሆኑን፤ ቀጥሎ ሰርቨሩ አለመተኛቱን፤ ቀጥሎ ብሮውዘሩ አድራሻው ፊት «ኤችቲቲፒኤስ» ብሎ አለመጨመሩን፣ ጨምሮ ከሆነ «ኤስ»ን ማጥፋት፤ በመጨረሻ የሰርቨሩ አድራሻ አለመለወጡን። ከአራቱ አንዱ ነው። ሰርቨሩን ፎርማት ወደ ማድረግ አትሩጡ።

ሁሉም ሲሠራ የሰርቨሩን ሙሉ ቅጂ በውጭ ዲስክ አስቀምጡና ሌላ ክፍል ውስጥ ቆልፉበት።

ደረጃ 7፦ መምህራኑ

የግማሽ ቀን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ምንም አይፈይድም። ከእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል አንድ ፈቃደኛ መምህር ያዙ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውን ርእስ ይዞ ይምጣ፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ለዚያ ርእስ የሚሆነውን ከሰርቨሩ አብራችሁ ፈልጉ። የካን አካዳሚ ቅደም ተከተል የአሜሪካ ነው፤ ከኛ መጽሐፍ ምዕራፎች ጋር አይገጥምም። ኮሊብሪ ውስጥ «ሌሰን» ከፍቶ የመረጠውን በራሱ ቅደም ተከተል እንዲደረድር አሳዩት። ይህን አንዴ በእጁ የሠራ መምህር ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

ከአይሲቲ መምህሩ ሌላ ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንዱ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያኑ ቢሆን ጥሩ ነው። ከደረጃ 4 እስከ 6 ያደረጋችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉና ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ ተማሪዎቹ

60 ተማሪና 20 ላፕቶፕ ካለ ሦስት ሦስት ይሆናሉ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ተማሪው የማሽኑን ቁጥር ከነጓደኞቹ አስቀድሞ ይወቅ፤ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥ። ያለዚያ ከ40 ደቂቃው ሩቡ በመሻማት ያልቃል።
2. የተማሪዎቹን ስም በዝርዝር ፋይል አንድ ጊዜ ወደ ኮሊብሪ አስገቡ። የተማሪ የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ አድርጉ፤ የተረሳ ቃል መፈለግ ክፍለ ጊዜውን ይበላል።
3. የፊደል ገበታው በየ12 ደቂቃው እጅ ይቀይራል። መምህሩ ሰዓት ይዞ «ቀይሩ» ይበል። ካልተባለ ቀልጣፋው ልጅ ይዞት ይቀራል፤ በተለይ ሴት ልጆች እያዩ ይወጣሉ። ይህን ሕግ በጥብቅ ያዙ።
4. የጠዋት ፈረቃው ሲወጣ ተቆጥሮ ይፈረም፤ የከሰዓቱ ሲገባ እንደገና ይቆጠር።

የ12ኛ ክፍሎች የመጀመሪያ ትምህርት

ስለ ኮምፒውተር ታሪክ አትናገሩ። እጃቸውን አስለምዱ። ማውሱን ጨብጦ ቀስቱን ሥዕል ላይ ማሳረፍ፤ አንዴ መጫን፤ ገጹን ወደ ታችና ወደ ላይ ማንቀሳቀስ፤ መልስ መምረጥ፤ የመረጡትን መቀየር፤ ወዳለፈ ጥያቄ መመለስ። ብዙ ልጆች በፍርሃት ማውሱን አንቀው ይይዙታል፤ ቀስቱም ይዘልላቸዋል። እጃቸውን ከነአንጓው ጠረጴዛው ላይ እንዲያሳርፉ ንገሯቸው፤ ወዲያው ይስተካከላል።

ከዚያ በኮሊብሪ 20 ጥያቄ ያለው ፈተና አዘጋጁና ሰዓት ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት ፈተናው መካከል ላይ ሆን ብላችሁ አንድ ማሽን አጥፉ። ልጁ ሳይደናገጥ እጁን አውጥቶ መጥራትን፣ ማሽኑ ሲነሣ ካቆመበት መቀጠልን ይልመድ። የፈተናው ቀን መብራት ቢቋረጥ የሚያድነው ይህ ልምምድ ነው።

ላፕቶፕ ወደ ቤት ማዋስን በመጀመሪያው ዓመት አትፍቀዱ። ከትምህርት በኋላ ክፍሉን በክበብ መክፈት ይሻላል፤ ቤታቸው መብራት የሌላቸውም ይጠቀማሉ።

ደረጃ 9፦ ሳምንታዊ ሥራና ክረምት

በየሳምንቱ ዓርብ ስክሪኑና የፊደል ገበታው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ ብልሽት በደብተሩ ይጻፍ። ላፕቶፕ የሚሞላው ሰው ባለበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ ወይም ተራርቆ ነው። በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ሌሊቱን ሰክታችሁ አትሂዱ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፦

1. ሁሉንም ባትሪ ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ አድርሱና አጥፉ። ባዶውን የከረመ ባትሪ መስከረም ላይ አይነሣም፤ ሙሉውን የከረመም ቶሎ ያረጃል።
2. ቻርጀሮቹን ንቀሉ፣ ጠቅልሉ፣ ቁጥር ለጥፉ። አይጥ ኬብል ይበላልና ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ።
3. ማሽኖቹን ከመሬት ከፍ ባለ፣ ከግድግዳው በተራቀ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ብሬከሩን አውርዱ።
4. ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ሰው ከፍቶ ጣሪያውን፣ እርጥበቱንና ያበጠ ባትሪ መኖሩን ይይ። የወረደውን እንደገና ግማሽ ድረስ ይሙላ።

ያበጠ ባትሪ ከተገኘ አትብሱት፣ ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት፣ ጉድጓድ ውስጥም አትጣሉት። ደረቅ አሸዋ ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ አስገብታችሁ ከሕንፃው ውጭ፣ ጥላ ያለበትና ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሞዴሉን መዝግቡና ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በሕጋዊ መንገድ ለሚረከብ አካል እንዲሰጥ ለወረዳው በደብዳቤ አሳውቁ።